ከስብራት በኋላ ወደ ተማሪ ቤት መመለስ

አጥንት የተሰበረ ሰው ጠያቂ አያጣም፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፥ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል፥ ካህንም ጸበል ይዞ ይደርሳል። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ ግን በልብ ውስጥ ሳይገጥም የሚቀር ሌላ ስብራት መኖሩን የሚያስተውል ጥቂት ነው። እኛም በመምህርነት ብዙ ዘመን ኖረን ይህን የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ እግራችን ስለሆነ፥ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደሆነ ብለን የደረሰብንን እንጽፋለን።

ነገሩ የሆነው ዓርብ ኅዳር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ ጾመ ነቢያት ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። የመውጫው ደወል ከተደወለ በኋላ የ50 ተማሪዎች ደብተር ታቅፈን ከፎቅ ስንወርድ፥ አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ከጓደኛው ጋር እየተጋፋ ከኋላችን ደረሰ። እርሱ ጓደኛውን ገፋው፤ ጓደኛውም በእኛ ላይ ወደቀ፤ እኛም ደረጃውን ተንከባለልነው። ደብተሩ ተበተነ፤ የቀኝ እግራችን ቅልጥምም ተሰበረ። በዚያ ሰዓት ካየናቸው ፊቶች ሁሉ በአሳባችን ተቀርጾ የቀረው የዚያ ልጅ ፊት ነው። ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጭኖ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያም ሮጦ ሄደ።

ወዲያው በባልደረቦቻችን መካከል ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ወጌሻ ይጠራ አሉ፤ ሌሎቹ ሐኪም ቤት ይሻላል አሉ። በመጨረሻ የተማሪ ቤቱ ዘበኛ ሁለት ጣውላ አምጥቶ፥ እግራችንን ከግራና ከቀኝ ደግፎ በነጠላ ሳያጠብቅ አሰረልንና ወደ ሐኪም ቤት ተወሰድን። በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባናል። የወጌሻን ጥበብ አንንቅም፤ ወለምታንና ውልቃትን በመመለስ ብዙ ሰው ሲረዱ አይተናል። ይሁን እንጂ የተሰበረ እግር በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጠብቆ ሲታሰር ደም እንዳይዘዋወር ስለሚከለክል፥ ሥጋው ሞቶ እግራቸው እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ወገኖች በአገራችን አሉ። ስለዚህ እግር ሲታሰር ጣቶቹ ወደ ውጭ ይታዩ፤ ቢቀዘቅዙ፥ ቢጠቁሩ ወይም ቢደነዝዙ፥ ሕመሙም እየበረታ ቢሄድ፥ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይላላ፤ ሕመምተኛውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

በሐኪም ቤት ራጅ ተነሣን፤ እግራችንም በጀሶ ታሰረ። አልጋ ላይ ሳለን ጥር 24 ቀን ደረሰ፤ ይኸውም የጻድቁ አባታችን የተክለ ሃይማኖት ስባረ ዐፅም የሚታሰብበት በዓል ነው። ጻድቁ ከቁመት ብዛት አንድ እግራቸው ተሰብሮ ሳለ በቀረው እግራቸው ቆመው ጸሎታቸውን እንዳላቋረጡ በገድላቸው ይነገራል። እኛ ግን ገና ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ሲሆነን ማጉረምረም ጀምረን ነበር። በእግዚአብሔር ላይ ማጉረምረም ስለፈራን ያጉረመረምነው በዚያ ልጅ ላይ ነበር።

የልጁ እናት በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ብርቱካን ይዛ መጥታ፥ «መምህር፥ ልጅነቱ ነውና ይቅር ይበሉልኝ» ብላ በእግራችን ሥር ልትወድቅ ፈለገች። እኛም በሰው ፊት ስለነበርን «ይቅር ብለናል» አልናት። ከገና በኋላ ግን ልጁ ከዚያች ቀን ጀምሮ ተማሪ ቤት እንዳልረገጠና በወፍጮ ቤት እህል ሲሸከም እንደሚውል አንድ ባልደረባችን ነገረን። ይህን በሰማን ጊዜ ልናዝን ሲገባን በልባችን «ይበለው!» አልን። አንባብያን ሆይ፥ ይህን መጻፍ ያሳፍረናል፤ ነገር ግን ይህን ሸሽገን ስለ እግራችን ብቻ ብንጽፍ የጻፍነው ሁሉ ሐሰት ይሆናል።

በመጋቢት ጀሶው ሲፈታ ባታችን ቀጥኖ የሌላ ሰው እግር መሰለን፤ ቁርጭምጭሚታችንም እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታዘዝ አለ። በክራንች ተደግፈን ከአልጋ እስከ ደጅ፥ ከደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያን አጸድ መሄድን እንደ ሕፃን ተማርን። በዚያው በዐቢይ ጾም ወደ ንስሐ አባታችን ቀርበን፥ የጎዳንን ልጅ ይቅር እንዳልነው ነገርናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ልጁ ተማሪ ቤት ገብቷል ወይ?» ብለው ጠየቁን። እንዳልገባ ነገርናቸው። «እንግዲያውስ ስብራቱ ገና አልተጠገነም፤ ቀኖናህ ይኸው ነው፤ ሄደህ አምጣው» አሉን።

ይህ ቀኖና ከስግደት ይልቅ ከበደን። ቀን ስንቆጥር ጾሙ አለቀ፤ ትንሣኤም አለፈ። በመጨረሻ ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት ባለው ቅዳሜ በክራንች እየተጎተትን ወደ ልጁ ቤት ሄድን። ልጁ ድምፃችንን ሲሰማ ከጓዳ ገብቶ ተሸሸገ፤ እናቱ ብትጠራውም አልወጣም። እኛም ስለ ጥፋቱ አንዳች ሳንናገር፥ ሰኞ ወደ ሥራ እንደምንመለስና ደረጃውን ስንወጣ ደብተራችንን የሚይዝልን ሰው እንደምንፈልግ ከደጅ ሆነን ነገርነው። በአብነት ትምህርት ቤት ዐይነ ስውር የኔታን ተማሪያቸው እጃቸውን ይዞ እንደሚመራቸው፥ ይህም ለመምህሩ ውርደት፥ ለተማሪውም ሸክም ሳይሆን በረከት እንደሆነ እናውቃለን። ይሁን እንጂ እኛ ከዚያ ቀን በፊት ከተማሪ እርዳታ ለምነን አናውቅም ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ጌታችን ከተነሣ በኋላ የተወጋ ጎኑንና የተቸነከረ እጁን ለቶማስ እንዳሳየው በቤተ ክርስቲያን ተነበበ። ይህን ወንጌል በየዓመቱ ስንሰማው ኖረናል፤ በዚያን ቀን ግን ጌታችን ቍስሉን እንዳልሸሸገው፥ የፈሩትንም ደቀ መዛሙርት ስለ መሸሻቸው እንዳልወቀሳቸው አስተዋልን።

ሰኞ ሚያዝያ 28 ቀን ከደረጃው ሥር ስንደርስ ጉልበታችን ተንቀጠቀጠ፤ ግንባራችንም ላብ አፈሰሰ። አምስት ወር ሙሉ በሕልማችን ስንወድቅበት የኖርነው ደረጃ ይኸው ነውና። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ከአጥሩ ጥግ ቆሟል። ቀርቦ ደብተራችንን ተቀበለን፤ ነገር ግን ከኋላችን መሄድን ስለፈራ ወደ ፊት ቀደመ። እኛም ከኋላችን ሆኖ እንዲደግፈን ለመንነው። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ፍርሃቱ የእርሱ ብቻ አልነበረም። «እሺ ጋሼ» አለና አንድ እጁን በጀርባችን ላይ አኖረ፤ እጁም ይንቀጠቀጥ ነበር። በየደረጃው እያረፍን ሁለታችንም ወጣን።

ክፍል ገብተን ስም ስንጠራ፥ ለብዙ ወራት «ቀሪ» ሲባል ከኖረው ስም ደረስን። በጠራነው ጊዜ በለሆሳስ «አቤት» አለ። አንድ ሁለት ልጆች ሊሥቁ ጀምረው ዝም አሉ። እኛም እግራችን በእውነት መዳኑን ያወቅነው በዚያች ሰዓት ነው።

በተረት እንደሚባለው ሁሉ ነገር ተቃና ብለን አንዋሽም። ልጁ ብዙ ትምህርት ስላመለጠው በዚያ ዓመት አላለፈም፤ 7ኛ ክፍልን ደገመ። እኛም ጥቂት ቆመን ስናስተምር እግራችን ስለሚያብጥ ወንበር ላይ ተቀምጠን ማስተማርን ለመድን፤ ዛሬም በሐምሌ ብርድ አጥንታችን ይጠዘጥዘናል። ተማሪ ቤቱ ግን ከዚያ ወዲህ ክፍሎቹ ተራ በተራ እንዲወጡና በደረጃው ራስ ላይ አንድ መምህር እንዲቆም ሥርዐት አደረገ፤ ይህም ከአደጋው በፊት ሊደረግ የሚገባ ነበረ።

እንግዲህ በቤታችሁ ከጉዳት የተነሣ ሰው ቢኖር፥ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ ወደሚፈራው ስፍራ በመጀመሪያው ቀን አብራችሁት ሂዱ። ሳያስበው ሰውን የጎዳ ልጅ ቢኖራችሁም በኀፍረት ተሸሽጎ እንዲቀር አትፍቀዱለት፤ ይቅርታ የሚጠይቅበትን መንገድ አሳዩት። ተጎጂም ብትሆኑ «ይቅር ብያለሁ» ማለት የምሕረት መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ እንዳይደለ አስቡ። ስብራትን የሚጠግን አምላክ የሥጋችንንም የልባችንንም ስብራት ይጠግንልን። አሜን።