አንድ ሹራብ ለሁለት ፈረቃ

ጠዋት 1፡30 ገደማ ጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ አምስት ደቂቃ ብትቆሙ የሰፈሩን ኪስ ማንም ሳይነግራችሁ ታነባላችሁ። የሚነበበው ከልጆቹ ሹራብ ላይ ነው። ይኼኛው ቀለም በሰርቪስ የሚሄደው ነው። ያኛው የተርም ክፍያው ሲነገር ወላጅ ጭጭ የሚልበት ትምህርት ቤት ነው። ደረቱ ላይ በወርቃማ ክር አርማ የተጠለፈበት ደግሞ እኛ ብሎክ ላይ ያላቸው ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው። በመሀል የታናናሾቻቸውን እጅ ይዘው በእግራቸው አስፋልት የሚያቋርጡት የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፤ እነሱንም የምንለያቸው በሹራባቸው ነው።

"ዩኒፎርም ሀብታምና ድሃን እኩል ያደርጋል" ሲባል ሁሌም ትዝ የሚለኝ ይኼ ነው። ከግቢው አጥር ውስጥ እውነት ነው። መንገድ ላይ ግን ልጁ የወላጁን ደመወዝ ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚሄደው።

ባለፈው ወር ቢሮ ምሳ ላይ ይኼ ወሬ ተነስቶ ነበር። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ዩኒፎርም ጨርሶ መቅረት አለበት አለ። ልጅ የፈለገውን ይልበስ፣ ፈጠራውን አትግደሉበት፣ ፋብሪካ አይደለም ወዘተ። ይኼን ሁሉ ሲናገር የድርጅታችን አርማ ያለበት ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ከነበርነው ሰባት ሰዎች አራታችንም ያንኑ ለብሰናል። ማንም አላስገደደንም። (ነፃ ስለሆነ ነው የምንለብሰው። እዚህ ነጥብ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።)

እኔ ከዩኒፎርም ወገን ነኝ። ምክንያቴ ደግሞ ሥርዓት ምናምን የሚባለው አይደለም፤ ሹራብ ለብሶ የሚረብሽ ልጅ ሹራቡን ቢያወልቅም ይረብሻል። ምክንያቴ የእናቴ ሒሳብ ነው። አንድ ሱሪ፣ አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ ከገዛች ዓመቱን ሙሉ "ነገ ምን ይልበስ" ከሚል ጭንቀት ትገላገላለች። ዓርብ ማታ ይታጠባል፣ ቅዳሜ ይሰጣል፣ ሰኞ ይለበሳል። ያለ ዩኒፎርም ቢሆን ኖሮ አምስት ቀን አንድ ቲሸርት ለብሼ እንደምሄድ ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር። እርግጥ እኩልነቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ ብቻ ነበር። ከዚያ በታች ኮንጎ ጫማ ያደረገ፣ ሸራ ያደረገ፣ ከውጭ የመጣ ስኒከር ያደረገ ነበር፤ ደረጃችንን የምናወጣውም እዚያ ላይ ነው። ቢሆንም ከቁርጭምጭሚት በላይ እኩል መሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም ጥቅም አለው። ልጅ በዩኒፎርም መንገድ ላይ ሲታይ የሰፈር ሰው ሁሉ ወላጅ ይሆናል። በትምህርት ሰዓት ፑል ቤት በር ላይ ዩኒፎርም ከታየ ባለ ሱቋ ትጠይቃለች፣ ሊስትሮው ይጠይቃል። የሚፎርፍ ልጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ሹራቡን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ መክተት የሆነውም ለዚህ ነው።

ችግሬ "ግዴታ" ከሚለው ቃል ጋር ነው። በተለይ ግዴታው በር ላይ ከሚፈጸምበት መንገድ ጋር።

ድሮ ላፍቶ ስንኖር ሁለት ወንድማማቾች ጎረቤቶች ነበሩን። ትልቁ ከእኔ ጋር 7ኛ ክፍል ነበር፣ ትንሹ 5ኛ። ያኔ ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነበር የሚያስተምረው፤ እኛ ጠዋት፣ እነ ትንሹ ከሰዓት። ሁለቱ ወንድማማቾች የነበራቸው ሹራብ አንድ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ስንለቀቅ ትልቁ ማንንም ሳይጠብቅ እየሮጠ ይወጣና ወፍጮ ቤቱ ጋ ከወንድሙ ጋር ይገናኛል። ሹራቡን አውልቆ ይሰጠዋል፣ ትንሹ ገና ሙቀቱ ሳይወጣ ይለብሰዋል፣ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጥፎ ይሄዳል። ከሁለቱም በላይ የተማረው ሹራቡ ነው እያልን እንቀልድ ነበር። እነሱም ይስቁ ነበር።

የካቲት ላይ ትምህርት ቤቱ ክፍሎች አሸጋሽጎ 5ኛንም 7ኛንም ጠዋት አደረጋቸው። ለብዙ ቤተሰብ ግልግል ነበር። ለእነዚያ ልጆች ግን አንዱ ሹራብ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ሆነ። የመጀመሪያው ሰኞ ትንሹ በራሱ ጃኬት መጣ፤ ዩኒት ሊደሩ በሩ ላይ "ዩኒፎርም ለብሰህ ና" ብሎ መለሰው። ሰልፍ ላይ ሆነን በአጥሩ ሽንቁር እናየው ነበር። ባንዲራ ተሰቅሎ እስኪያልቅ ቆሞ ከዚያ ወደ ቤት ሄደ። የእናታቸው ዕቁብ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ ዓመት ትንሹ ደገመ። በሹራብ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፤ ሦስቱ ሳምንት ግን ክፍሉ ሒሳብ ላይ ክፍልፋይ የጀመረበት ነበር።

ይኼ ልጅ ድሃ መሆኑን ከዚያ ሰኞ በፊት ከእኛ ከጎረቤቶቹ በቀር ትምህርት ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ሰልፍ ላይ የቆመው ሁሉ አወቀ። ድህነቱን ይሸፍንለታል የተባለው ደንብ ነው አደባባይ ያወጣው።

አሁን በሥራዬ ሰው ስልኩ ላይ የሚሞላቸውን ቅጾች እሠራለሁ። ቅጽ ላይ ካልተሞሉ የማያሳልፉ ቦታዎች አሉ፤ አጠገባቸው ትንሽ ቀይ ኮከብ ትደረጋለች። ሥራ ስትጀምሩ ሁሉም ነገር ላይ ኮከብ መደርደር ያምራል፣ መረጃው ይሟላላ! ግን ኢሜይል የሌለው ገበሬ እዚያች ኮከብ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ አልተመዘገበም ማለት ነው፤ እኛም ማን እንደቀረ እንኳን አናውቅም። ስለዚህ ኮከብ ከማስቀመጣችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፦ እዚህ ላይ የሚቀረው ማን ነው? የትምህርት ቤት በርም እንደዚሁ ነው። የሚቀረው ድሃ ብቻም አይደለም። በ2017 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ሒጃብ የለበሱ ሙስሊም ተማሪዎች በአለባበስ ደንብ ስም ከክፍል ታግደው የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሊያመልጣቸው ነበር፤ ነገሩ መቀሌ ላይ ሰልፍ አስወጣ፣ ፍርድ ቤትም ደረሰ። ስለ ልብስ የወጣ ደንብ ዞሮ ዞሮ ማን ይማር ማን አይማር የሚል ውሳኔ ሆነ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት ነፃ ነው ብሏል። ነፃ የሆነው ግን ወንበሩ ነበር። ወንበሩ ላይ ለመድረስ የሚለበሰውን የምትገዛው እናትየው ናት። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2003 የአንደኛ ደረጃ ክፍያን ስታነሳ ዩኒፎርሙ ወላጅ ጫንቃ ላይ ቀረ። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ለተወሰኑ ልጆች በዕጣ ዩኒፎርም ታድሎ ውጤቱ ተጠንቷል፤ ዕጣ የወጣላቸው ልጆች ከትምህርት ቤት መቅረታቸው ከሲሶ በላይ ቀነሰ፣ መጀመሪያውኑ ዩኒፎርም ያልነበራቸው ላይ ደግሞ ለውጡ የባሰ ጎላ። በ328 ትምህርት ቤቶች በተሠራ ሌላ ጥናት ነፃ ዩኒፎርም ያገኙ ልጃገረዶች ትምህርት ማቋረጣቸውም በልጅነት ማርገዛቸውም ቀንሷል። የመጀመሪያው ጥናት ግን ከስምንት ዓመት በኋላ ልጆቹን ፈልጎ ሲያያቸው በደረሱበት ክፍል ልዩነት አላገኘም። ይኼን ግማሹን መዝለል አልፈልግም። ዩኒፎርም አያስተምርም። በሩን ያስገባል፤ ከበሩ በኋላ ያለው የመምህሩ፣ የመጽሐፉና የምሳው ጉዳይ ነው።

ለዚህ ነው በ2012 ዓ.ም. የሆነውን ነገር እንደ ትልቅ ነገር የማየው። ኢንጂነር ታከለ ኡማ ምክትል ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ የአዲስ አበባ አስተዳደር ወደ 600 ሺህ ለሚሆኑ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነፃ ማደል ጀመረ፤ የምገባው ፕሮግራምም በዚያው ዓመት ተስፋፋ። እኔ በ2011 ክረምት ጋውን ለብሼ (እሱም ዩኒፎርም ነው) ተመርቄ ቤት ከተመለስኩ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም። ፖለቲካ ነው ያለ ነበር፣ ጨርቁ ሳሳ ያለ ነበር፣ ልኩም ለብዙ ልጅ አልገጠመም፤ ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ ሰሞኑን ሥራው ሱሪ ማሳጠር ብቻ ሆኖ ነበር። ይሁን። የሳሳ ጨርቅ በር ላይ ከመመለስ ይሻላል። ባልደረቦቼና እኔ የድርጅቱን ሹራብ ሳናጉረመርም የምንለብሰው ድርጅቱ ስለገዛው ነው። ልበስ የሚል ያልብስ።

ይኼ ሒሳብ የማይሠራው የግል ትምህርት ቤት ላይ ነው። የእህቴ ልጅ 3ኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቷ ዩኒፎርም ከግቢው ሱቅ ብቻ ነው የሚገዛው ይላል፦ ቀሚስ፣ ሁለት ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ የስፖርት ቱታ። ሁሉም ላይ አርማ ስላለ ሌላ ቦታ ማሰፋት አይቻልም። የምንኖረው በልብስ ፋብሪካ ስም "ጋርመንት" ከሚባል ሰፈር ብዙም ሳንርቅ ነው! እዚያ አካባቢ ያለ ሰፊ ያንኑ ሹራብ በግማሽ ዋጋ እሠራዋለሁ ብሎናል። ወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሌሊት ሌሊት ያማርራሉ፣ ጠዋት ይከፍላሉ። ዩኒፎርም መኖሩ አይደለም የሚያናድደኝ፤ እኩልነት ተብሎ የጀመረ ነገር ሱቅ መሆኑ ነው።

ደንቡን እኔ ብጽፈው ዩኒፎርሙ ይቀጥላል። ያልለበሰ ልጅ ግን መጀመሪያ ክፍል ይገባል፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ለወላጅ ይቀርባል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ አሥር ትርፍ ሹራብ ይኑረው፣ ጠዋት ተውሶ ማታ የሚመልስ ልጅ ይኖራል። የግል ትምህርት ቤት ቀለሙን ይንገረን፣ ጨርቁን ከመርካቶ እናመጣለን። አርማው ካስፈለገ በመርፌ ቁልፍ የሚያዝ ይሁን።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ ትምህርት ቤት የሹራቡን ቀለም ቀየረ። ምክንያቱ አልተነገረንም። ያምናው ሹራብ አንድም ቦታ አልተቀደደም፤ ለመጪው ዓመትም ይበቃት ነበር። እህቴ ለጎረቤት ልጅ እንስጠው ብላ አርማውን በምላጭ ፈታችው፤ ልጅቷ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ ትላለች። እናቷ ተቀብላ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና አመስግና መለሰችው። ቀለሙ አያስገባትም።