ማዕዱ ስንት ሰው ይይዛል?

ጾሜን ለሰው መናገር ይከብደኝ ነበር። ጀርመን አገር በምሠራበት ቢሮ ረቡዕ ወይም ዓርብ የምሳ ግብዣ ሲኖር «ቁርስ አርፍጄ ነው የበላሁት» ብዬ ዝም እላለሁ። የሚከብደኝ ጾሙ ሳይሆን ማብራራቱ ነው። ወተትም አይሆንም? እንቁላልስ? ታዲያ ምን ትበያለሽ? ጠያቂዎቹ ክፋት የላቸውም፤ ግን የማዕዱ ወሬ ሁሉ ወደ እኔ ሰሃን ሲዞር እሸማቀቃለሁ። በዚህ የተነሣ ምግብ አብዝቼ እየወደድኩ፣ ምግብ ለመቅመስ ተብሎ ወደሚኬድ አገር ሳልሄድ ዓመታት አለፉ። በማላውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጬ ይህንኑ ማብራሪያ በየማዕዱ ስደጋግም ይታየኝ ነበር።

ሐሳቤን ያስለወጠችኝ ጆርጂያ ናት። የአሜሪካዋን ማለቴ አይደለም፤ ከጥቁር ባሕር በስተ ምሥራቅ በካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለችውን ነው። ነገሥታቷ ክርስትናን የተቀበሉት እንደ እኛ በ4ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ምእመናኗም ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ። ምግብ ቤቶቿ «ሳማርክቮ» ብለው የጾም ምግብ ለይተው ያቀርባሉ። ፕካሊ የሚሉት የተቀቀለ ቆስጣ ወይም የቀይ ሥር ቅጠል ተከትፎ፣ በተወቀጠ ዋልነት፣ በነጭ ሽንኩርትና በድንብላል ታሽቶ እየተድቦለቦለ ላዩ ላይ የሮማን ፍሬ ጣል የሚደረግበት ነው። ሎቢዮ በሸክላ ድስት የሚሠራ የቦሎቄ ወጥ ሲሆን ከበቆሎ ቂጣ ጋር ይበላል። ቅመማቸው ውስጥ የእኛ አብሽ የቅርብ ዘመድ አለ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ፣ ለእኔ ቢጤ የሚሆን አገር ካለ ይኸው ነው አልኩ።

አገሩን መምረጥ ቀላል ነበር፤ ያስቸገረኝ አብሬው የምሄደውን ቡድን መምረጥ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ቀደም ብላ በትልቅ አውቶቡስ ደርሳ ተመልሳለች። «በላን፤ ግን ማን እንዳበሰለው አላየንም» አለችኝ። ለአርባ ሰው የሚበቃው አዳራሽ ብቻ ስለሆነ በየከተማው የበሉት አዳራሽ ውስጥ ነው። ምግቡ ቀድሞ ተሠርቶ፣ ተደርድሮ ጠበቃቸው። ገበያውን ያዩት ከአስጎብኚው ባንዲራ ኋላ ተሰልፈው ነው። መጥፎ ጉዞ ነው አላለችም፤ እኔም አልልም። አብያተ ክርስቲያናትንና ተራሮችን ለማየት ትልቅ አውቶቡስ ይበቃል፤ ዋጋውም ቀለል ይላል። ምግብ ግን እንዲህ አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ፣ ከምድጃ አጠገብ የሚገባን ነገር ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ለሁለት አስጎብኚ ድርጅቶች አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፍኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልሸሽግ ጻፍኩት፦ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ዓይብና እንቁላል አልበላም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል አልቀምስም። አንደኛው ድርጅት በደቂቃዎች ውስጥ መለሰልኝ፦ «የቬጀቴሪያን አማራጭ አለን።» በጆርጂያ ይህ መልስ አይበቃም፤ ሥጋ የሌለበት ገበታቸው በካቻፑሪ፣ ማለትም ዓይብ በሞላበት ዳቦ፣ ተጥለቅልቆ ነው የሚቀርበው። ሁለተኛው ድርጅት ሁለት ቀን ቆይቶ መለሰ። የጻፈችልኝ ራሷ አስጎብኚዋ ናት፤ መልሷም ጥያቄ ነበር። ዓሣ ትበያለሽ? ማርስ? ኪንካሊ በሚሉት ጥቅልል ሊጥ ላይ እንቁላል የሚጨምሩ ስላሉ ቀድሜ ልጠይቅልሽ? ረቡዕ ዕለት ካኬቲ በሚባለው የወይን ምድር በገበሬ ቤት ነን፤ የቤቱ እመቤትም ጾመኛ ናት፣ ማዕዱን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብናደርገው ሌሎቹን እኔ አስማማለሁ። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። ጉዞው ገና ሳይጀመር ልቤ ሞላ።

የሄድነው በመስከረም፣ በወይን ለቀማ ወቅት ነው። በአንድ ሚኒባስ የምንበቃ ሰዎች ነበርን። ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ያለው የዴዘርተር ገበያ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ እኛ ግን ጥቂት ስለሆንን ሻጮቹ አጠገብ መቆም እንችል ነበር። አንዲት ሴት የደረቀ ቅመም በመዳፌ ላይ አድርጋ አስሸትታኛለች፤ ሌላዋ ከፕሪም የሚሠራውን ትኬማሊ የሚሉትን ጎምዛዛ ማባያ በዳቦ ቁራጭ አስቀምሳኛለች። አስጎብኚያችን ድምፅ ማጉያ አልያዘችም፤ አላስፈለጋትም።

ካኬቲ ውስጥ ቴላቪ አጠገብ ያረፍንበት ቤት ግን ከሁሉም ይበልጣል። ጓሮው ውስጥ ቶኔ የሚሉት ጥልቅ የሸክላ ምድጃ አለ። እመቤቲቱ ወገቧን አጥፋ ግማሽ አካሏ ውስጥ እስኪገባ እየተንጠራራች ሊጡን ከግድግዳው ላይ ትለጥፈዋለች። እኛንም ተራ በተራ አስሞከረችን፤ በእጄ የለጠፍኩት ዳቦ ሳይወድቅ ሲበስል የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ። ከዚያ ማራኒ ወደሚባለው የወይን ጠጅ ቤታቸው ገባን። ወለሉ ላይ የሚታየው ክብ ክብ አፍ ብቻ ነው፤ ጋኖቹ ራሳቸው፣ ክቬቭሪ የሚሏቸው፣ ከነሆዳቸው መሬት ውስጥ ተቀብረዋል። ውስጣቸው በንብ ሰም ይለቀለቃል። በካኬቲ ልማድ ጭማቂው ከነልጣጩ፣ ከነፍሬውና ከነዘለላው ግንድ ይገባና አምስት ስድስት ወር ታሽጎ ይቆያል፤ ከነጭ ወይን የተሠራው እንኳ ሲወጣ ቀለሙ የኛን ጠጅ ይመስላል። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ በ2013 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። ከትብሊሲ በስተ ደቡብ የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎችም የወይን ጠጅ በዚያ ምድር ከ8,000 ዓመት ገደማ በፊት ይጠመቅ እንደነበር አሳይተዋል። እኔ ይህን የሰማሁት ጋኑ አፍ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ የቤቱ ባለቤት እጁን ጋኑ ላይ አድርጎ ሲናገር ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ማዕዱ ተዘረጋ። ሱፕራ ይሉታል። ታማዳ የሚባል የማዕዱ አለቃ ጽዋ ያነሣል፤ ለሰላም፣ ለአገር፣ ለሞቱት፣ ለልጆች፣ ለእንግዶች። እርሱ ከተናገረ በኋላ ሌላው ይቀጥላል። ጥቂት ስለነበርን ተራው ለሁላችንም ደረሰ። ለሞቱት ሲነሣ እኔ ስለ እናቴ ተናገርኩ። ጾም ያስተማረችኝ እሷ መሆኗን፣ አብረውኝ ለተጓዙት ሁሉ፣ ያለ ምንም መሸማቀቅ ነገርኳቸው። እመቤቲቱ ተነሥታ ሳመችኝ። አርባ ሰው ባለበት አዳራሽ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ጊዜውም ቦታውም አይፈቅድም።

ስለ ገንዘቡም እውነቱን ልናገር። አነስተኛ ቡድን ይወደዳል፤ የአስጎብኚው፣ የሹፌሩና የመኪናው ወጪ ለጥቂት ሰው ስለሚከፋፈል ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ደግሞ ለክፍሉ ተጨማሪ ይከፍላል፤ እኔም ከፍያለሁ። «አነስተኛ» የሚለው ቃልም ገደብ የለውም፤ አንዱ 8 ሰው ማለቱ ነው፣ ሌላው 16፣ 24 ይዞ የሚሄድም አለ። በተለይ መጠንቀቅ ያለባችሁ «ምግብን ያካትታል» ለሚለው ነው፤ ብዙ ጊዜ ቁርስና ጥቂት እራት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ቡድኑ ካልሞላ ጉዞው ይሰረዝ እንደሆነም በጽሑፍ ማግኘት ያስፈልጋል። በየምሽቱ ግብዣ የደረደረ መርሐ ግብርም አልወድም፤ በሁለተኛው ቀን ሆድ ይታክተዋል፣ ምላስም መለየት ያቆማል።

ለሚቀጥለው የወይን ለቀማ የምታስቡ ካላችሁ አሁኑኑ ጻፉ፤ የመስከረም ቦታዎች ቀድመው ይያዛሉ። ጾማችሁን፣ የማትበሉትን፣ የምትበሉበትን ሰዓት ሳትሸሽጉ ንገሯቸው። ማን እንደሚያበስልላችሁ፣ በማን ቤት እንደምትበሉ፣ አንድ ማዕድ ላይ ስንት እንደምትሆኑ ጠይቁ። መልሶ ለማይጠይቃችሁ ድርጅት ግን ቀብድ አትክፈሉ።