የጓሮ ጐመን

በከተማ የሚኖር ሰው ጐመኑን ከጉልት ሲገዛ፣ ቅጠሉ ከመሬት እንደ ወጣ ያውቃል እንጂ እንዴት እንደ ወጣ አይጠይቅም። በአዲስ አበባ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የሚያገለግል አንድ ሰውም እስከ አርባ ዓመቱ ድረስ እንዲሁ ነበረ። ይህ ሰው የገበሬ ልጅ ነው። በልጅነቱ ለትምህርት ከቡልጋ ወደ ከተማ ሲመጣ፣ አባቱ ማረሻውን እያሳዩ «ይህንስ ለማን ትተወዋለህ?» ቢሉት፣ «ማረስ ፊደል ላልቈጠረ ሰው ነው» ብሎ መልሶላቸው ነበር። አባቱም ዝም አሉ፤ ቃሉ ግን ዕድሜው በጨመረ ቍጥር በልጁ ልብ ውስጥ እንደ እሾህ እየጠለቀ ሄደ።

ከቤቱ ጀርባ ርዝመቱ ሃያ፣ ወርዱ ዐሥራ ሁለት ክንድ የሚሆን ሣር የበቀለበት ቦታ ነበረው። በአንድ ሰኔ ወር ዝናቡ ሲጀምር ዶማ ገዝቶ ቈፈረው። በመጀመሪያው ቀን እጁ ተላጠ፤ በሁለተኛው ወገቡ ተያዘ፤ በሦስተኛው ግን የተገለበጠው አፈር ሽታ የልጅነቱን ዘመን ስላስታወሰው ድካሙን ረሳ። በአጥሩ በኩል ከባሕር ዛፍ ሥር የዘራው ሰላጣ ሳያድግ ቀረ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር መጥቶ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር ያዳነ ባለ ውለታ ነው፤ ነገር ግን በአጠገቡ ያለውን ውሃ ሁሉ ስለሚጠጣ ለጐረቤትነት አይመችም። ደግሞም ይህ ሰው መሬቱ እንዲሰባ ብሎ ከከብት በረት ትኩስ ፍግ አስመጥቶ በካሮቱ መደብ ላይ አፈሰሰበት። ፍግ ለወራት ተከምሮ ሳይበስል ለተክል ቢሰጥ ያቃጥላልና ቡቃያው ገርጥቶ ሞተ። የቀረውንም የጐረቤት ዶሮዎች ጫሩት።

ተስፋውን ሁሉ የጣለው ግን በድንቹ ላይ ነበረ። ድንች ለኢትዮጵያ የጥንት ተክል አይደለም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. ሺምፐር የተባለ የጀርመን የዕፅዋት ሊቅ እንዳስገባው ይነገራል። በሐምሌ ቅጠሉ ለምልሞ ነጭ አበባ ባወጣ ጊዜ፣ ሰውየው ከሥራው ሲመለስ ካፖርቱን ሳያወልቅ ጃንጥላ ይዞ በመደቡ መካከል ይቆም ነበር። ሚስቱም ከደጅ ሆና «ለእንግዶቹም ቡና ይፈላላቸው ወይ?» እያለች ትስቅ ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ ጭጋግና ዝናብ ሳያቋርጥ ሰነበተ። በቅጠሉ ጫፍ ጥቍር ነጠብጣብ ታየ፤ ሳምንት ሳይሞላ መደቡ በሙሉ በእሳት እንደ ተለበለበ ሆነ፤ ቢቈፈርም ድንቹ ከሥሩ በስብሶ ይሸት ነበር። ይህ በሽታ በእርጥብና በቀዝቃዛ አየር ጊዜ በነፋስና በዝናብ ከተክል ወደ ተክል የሚዛመት ሲሆን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ አየርላንድን አጥቅቶ ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ ያለቀበትን ረኃብ ያመጣ እርሱው ነው። ሰውየው ግን ያን ጊዜ ይህን አላወቀም። ያወቀው አባቱ በመስከረም ለዓይናቸው ሕክምና ወደ እርሱ እንደሚመጡ ብቻ ነበር። ባዶውን መደብ እንዳያገኙበት ፈርቶ፣ ከገበያ የጐመን ዘር ገዝቶ ሳይሰስት በተነበት።

አባቱ በመስቀል ሰሞን መጡ። ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ጓሮውን በእጃቸው ጐበኙት። ተንበርክከው አፈሩን ቈንጥረው በጣታቸው አሹት፤ አሸተቱትም፤ «ፍግህ ጥሬ ነበረ» አሉ። ቀጥሎም ጐመኑን ዳበሱና አራቱን ነቅለው አንዱን መተው ጀመሩ። ልጁም ደንግጦ፣ «አባባ፣ የተረፈልኝ እኮ ይህ ብቻ ነው» አላቸው። «ልጄ፣ እንዲህ ተጨናንቆ ቢያድግ አንዱም አይጠግብም» አሉት። ሰውየው ያን የቈየ ንግግሩን አንሥቶ ይቅርታ ሊለምን አስቦ አፉን ከፈተ፤ አባቱ ግን የነቀሉትን ችግኝ እፍኝ ሞልተው፣ «ይህን ለባለቤትህ ስጣት፤ ለራት ይሆናል» ብለው አስያዙት። ይቅርታውም ሳይነገር ቀረ። እስኪመሽ ድረስ ጐን ለጐን ተቀምጠው ነቀሉ።

በኅዳር ሌሊት ውርጭ ወረደ፤ ጐመኑ ግን ቻለው። በቅጠሉ ጀርባ ክሽክሽ በሰፈረ ጊዜም ሰውየው በሳሙና ውሃ እያጠበ፣ አመድ እየነሰነሰ ተከላከለ። በጾመ ነቢያት የታችኛውን ቅጠል እየቈረጡ ቀቀሉ፤ ላይኛው እያደገ ስለሚተካም እስከ ገና ድረስ ከጉልት ጐመን አልገዙም። ወጪው በትክክል ቢታሰብ የዶማውና የፍጉ ዋጋ ከጐመኑ ዋጋ ይበልጥ ነበር፤ ሚስቱ ይህን ብታውቅም ለማንም አልተናገረችም።

ሁለቱን እግር ጐመን ሳይቈርጥ ተወውና ቢጫ አበባ አበበ፤ ፍሬም ያዘ። በሚያዝያ ፍሬው ሲደርቅ ሰውየው በመዳፉ አሽቶ ዘሩን በጨርቅ ቋጠረና በመንገደኛ እጅ ወደ ቡልጋ ላከው። በነሐሴም አባቱ ለአንድ ዲያቆን እየነገሩ ያስጻፉት ደብዳቤ ደረሰው። ከሰላምታውና ከጤናው በኋላ፣ «ዘርህ በቅሏል፤ ሳሳ አድርጌ ነው የዘራሁት። ዘንድሮስ ስንቱን ነቀልህ?» ይላል። ሰውየው ደብዳቤውን በኪሱ ከትቶ ወደ ጓሮ ወጣ፤ በዚያ ጠዋት ሊነቅል ሄዶ ሳይጨክንበት የተመለሰ አንድ መደብ ነበረና።