ሙሽራው አንድ፣ አጃቢው ሺህ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገሬ ሰው፣ መከራ በመከራ ላይ ሲደረብበት። ይህን ተረት መጀመሪያ የተናገረው ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ የሄደ አይመስለኝም፤ ቀና ብሎ የጎረቤቱን አንገት ነው ያየው። ደጋው ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የእንቅርት አገር ነው። የዘመናት ዝናብ ከተራራው አፈር ጋር አዮዲኑን አጥቦ ወስዶታል፤ አዮዲን ያነሰው አፈር አዮዲን ያነሰው ገብስና ድንች ያበቅላል፤ ያንን በሚበላ ሰው ጉሮሮ ሥር የተቀመጠችው ቢራቢሮ መሳይ ዕጢም ያጣችውን ፍለጋ ስትደክም ታብጣለች። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት መካከል 39.9 በመቶ የሚሆኑት እንቅርት እንደተገኘባቸው ጽፏል። ከ10 ልጅ አራቱ ማለት ነው።

አያቴ አንገቷን ዙሪያውን ተነቅሳ ነበር። በልጅነቴ «ለጌጥ ነው?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ለጌጥም ነው፤ እንቅርት እንዳይወጣም ነው» ትለኝ ነበር። የሰሜኑ አገር እናቶች ጥላሸቱንና የቅጠሉን ጭማቂ በመርፌ ወደ ቆዳቸው ሲያስገቡ ውበትንና ሕክምናን ለይተው አላዩም። ጨው ግን ከንቅሳት ይበልጣል። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ለገበያችን ይመጣ የነበረው የአሰብ ጨው አዮዲን ይጨመርበት ነበር። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ ፊታችንን ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ አዞርን፤ የዚያን ጊዜው የአፍዴራ ጨው ደግሞ አዮዲን አልነበረበትም። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከ10 ዓመት በላይ አለ። የእኔ አንገት ማበጥ የጀመረው በእነዚያ ዓመታት ነው። ምክንያቱ ይኸው ብቻ ነው ብሎ የነገረኝ ሐኪም የለም፤ እኔ ግን ጨው በነሰነስሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ።

እንቅርቴ ባሕር ዳር በቀዶ ሕክምና ወጣ። ከእርሱ ጋር ዕጢዋም ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውነቴ ራሱ ይሠራው የነበረውን ነገር በየቀኑ ከመድኃኒት ቤት እገዛለሁ፤ ስሙ ሌቮታይሮክሲን ይባላል። እኔ የምወስደው 100 ማይክሮግራም ነው። አንባቢዬ፣ ይህ ቁጥር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለመረዳት እኔም ወረቀትና እርሳስ አስፈልጎኛል። ከዚህ መድኃኒት አንድ ግራም ብቻ ቢሰጡኝ ለ10,000 ቀን፣ ማለትም ለ27 ዓመት ይበቃኛል። በሻይ ማንኪያ ጫፍ ላይ ዕድሜ ተቀምጧል።

እንዲህ ያለውን ብናኝ ግን ማንም በጣቱ ቆንጥሮ ሊውጠው አይችልም። ስለዚህ ፋብሪካው ሌላ ነገር ይጨምርበታል፤ ክኒን የሚያሳክለው፣ የሚያጣብቀው፣ ከማሽኑ የሚያላቅቀው፣ በሆድ ውስጥ የሚበትነው፣ ቀለም የሚሰጠው። የወተት ስኳር የሆነው ላክቶስ፣ የበቆሎ ስታርች፣ ጄላቲን፣ ማግኒዥየም ስቴሬት፣ አንዳንዴም የግራር ሙጫ። ክኒኑ 100 ሚሊግራም የሚመዝን ከሆነ መድኃኒቱ ከሺህ አንድ እጅ ነው። የፋርማሲ ሰዎች ቀሪውን «ኤክሲፒየንት» ይሉታል። እኔ አጃቢ ብዬዋለሁ። ሙሽራው አንድ፣ አጃቢው ሺህ፤ ከዚያ ሁሉ አጃቢ መካከል አንዱ ቢሰክር ሠርጉ ይታመሳል።

(ስለ ግራሩ አንድ ነገር ልበል። ከእንጅባራ አለፍ ብሎ ፋግታ ለኮማ የሄደ ሰው ተራራውን ያለበሰውን ዲከረንስ ሳያይ አይመለስም። ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው፤ በእኛ አገር ከሰል ይሆናል። ለክኒን የሚሆነው ሙጫ የሚለቀመው ከቆላው ግራር ነው። የመድኃኒቴን ወረቀት ሳነብ «ግራር» የሚል ቃል ሳገኝ ዘመድ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።)

የእኔን ሠርግ ያመሰው ቢጫው ነው። ለጥቂት ወራት ነጭ ክኒን ስውጥ ቆይቼ አንድ ቀን «እርሱ አልቋል፤ ይኼ ግን ያው ነው» ተብሎ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ቢጫ ክኒን ተሰጠኝ። በሳምንቱ ክንዴና ጀርባዬ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣ፤ ሆዴም እንደ ክረምት ሰማይ ማጉረምረም ጀመረ። ለሸጡልኝ ሰው ብነግር «መምህርት፣ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የሚለያየው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መድኃኒቱ አንድ ነው። እኔ የጠየቅሁት ግን ስለ ሺሁ ነበር።

የተከታተለችኝ ሐኪም አልሳቀችብኝም። ክኒኑን በራሴ ፈቃድ እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀችኝ፤ ያለ እርሱ ሰውነት ቀስ በቀስ እንደሚቀዘቅዝ፣ ልብም እንደሚዘገይ ነገረችኝ። ከዚያም ቀላል መላ መታች፦ በአንድ ባለ 100 ቢጫ ፈንታ ሁለት ባለ 50 ነጭ። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ በውጭ አገርም የታወቀ ዘዴ ነው። በአሜሪካ የሚሸጠው ሲንትሮይድ በየመጠኑ ልዩ ልዩ ቀለም ሲቀባ ባለ 50ው ብቻ ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ቀለም የማይስማማቸው ሰዎች መጠናቸውን ከእርሱ ይቆጥራሉ። ሽፍታው በ10 ቀን ውስጥ ጠፋ። የሆዴ ነገር ግን ቀረ። ሐኪሟ «በአንድ ክኒን ውስጥ ያለው ላክቶስ እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙ ሰው አይሰማውም» አለችኝ። ብዙ ሰው አለመሆን የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ላክቶስ የሌለበትን ፍለጋ የጀመርሁት እንዲህ ነው። በእንጅባራ መድኃኒት የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ በስትሪፕ ነው፤ ሳጥኑና በውስጡ የታጠፈችው መግለጫ ወረቀት ለመጀመሪያው ገዢ ይደርሱታል ወይም ከቆሻሻ ጋር ይጣላሉ። እኔ የምፈልገው ደግሞ መድኃኒቱን ከመግዛቴ በፊት ወረቀቷን ነበር። ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ስሄድ «ወረቀቷን ብቻ አሳዩኝ» የምል ሴት ሆንሁ። አንዳንዱ ገላመጠኝ። በገበያው አቅራቢያ ያለው ወጣት ፋርማሲስት ግን ወንበር አቀረበልኝ። «እትዬ፣ እኔም አንብቤው አላውቅም፤ አብረን እናንብበው» አለ። ፊደሏ ከሰናፍጭ ታንሳለች። እርሱ እንግሊዝኛውን ሲያነብ እኔ በአማርኛ እጽፍ ነበር።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ግጭት ሲነሣ ፍለጋው ሌላ መልክ ያዘ። ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል፤ ከባሕር ዳርም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና በደንገላ በኩል ይግባ በደብረ ማርቆስ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም። በእነዚያ ወራት ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የመጣውን መዋጥ ነው። የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ፍለጋ ሲንከራተቱ እያየሁ «የእኔ ላክቶስ የለበትም ወይ?» ብዬ መጠየቅ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ይህ መድኃኒት በደም ውስጥ ግማሹ እስኪቀንስ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ አንድ ቀን ቢታለፍ ሰው አይወድቅም። ሆዱን የሚያውከው ሰው ግን አንድ ቀን አያልፍም፤ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይተወዋል። ሳይማረር፣ ለማንም ሳይናገር። እንዲህ አድርገው የተዉ ሁለት ሴቶች አውቃለሁ።

የፈረንሳዮቹን ታሪክ ያገኘሁት ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በዚያች አገር ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሚወስዱት ሌቮታይሮክስ የተባለው ክኒን አጃቢዎቹን ቀየረ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ላክቶስ ወጣ፣ ማኒቶልና ሲትሪክ አሲድ ገቡ። የተፈለገው የመድኃኒቱ ኃይል በጊዜ ብዛት እንዳይዋዥቅ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ግን ድካም፣ ራስ ምታት፣ የፀጉር መርገፍ ያዘን አሉ። ከ300,000 በላይ ሰው ፊርማውን አኑሮ አሮጌው እንዲመለስለት ጠየቀ። በክኒኑ ውስጥ መርዝ አልተገኘም። ሆኖም የሊዮን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ከ3,300 ለሚበልጡ ከሳሾች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ዩሮ እንዲከፈላቸው ፈረደ፤ ለውጡ ለሕመምተኛው በቅጡ አልተነገረውም ብሎ። እኔ ላክቶስ የሌለበትን ስፈልግ፣ እነርሱ ላክቶስ ያለበትን ይማጸኑ ነበር! እንጅባራ ቁጭ ብዬ ስቄያለሁ። ሳቄ ሲያበቃ ግን ቀናሁባቸው፤ በክኒኑ ስለቀናሁ አይደለም፣ «ሳትነግሩን ለምን?» የሚሉበት ችሎት ስላላቸው ነው።

አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በበኩሏ «ተፈጥሯዊው» ይሻልሻል ብላ ልትልክልኝ ነበር። ከምን እንደሚሠራ ጠየቅኋት። ከደረቀ የአሳማ ዕጢ ነው። የሕክምናው ጥንት እንዲህ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ እ.ኤ.አ. በ1891 አንዲት ሴት በበግ ዕጢ ጭማቂ ማከም ጀምሮ 28 ዓመት አኑሯታል። ኬንዳል የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1914 በፈረንጆች ገና ዕለት ታይሮክሲንን ለይቶ እስኪያወጣ፣ ሃሪንግተንና ባርገርም በ1927 በቤተ ሙከራ እስኪሠሩት ድረስ የሰው ዕድሜ በከብት ጉሮሮ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በጉ ቢሆን ኖሮ ባልከፋኝ። አሳማውን ግን አይሆንም አልኋት። እርሷም ቲሮሲንት ስለሚባለው ነገረችኝ፤ በውስጡ መድኃኒቱ፣ ግሊሰሪን፣ ውኃና ጄላቲን ብቻ ነው ያለው። አጃቢው ሦስት ብቻ የሆነ ሠርግ! ዋጋውን ስትነግረኝ ግን ዝም አልን።

የወተቱን ነገር ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸው ነበር፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ የወተት ስኳር በየጥዋቱ መዋጤ ቅር ስላለኝ። አባ ወረቀቷን ተቀብለው ገለበጧት፣ ፊደሏን በመነጽራቸው ሊያዩ ሞከሩ፣ መለሱልኝ። «ልጄ፣ መድኃኒት ምግብ አይደለም። አንቺ ግን ሆድሽን ስለሚያምሽ ነው የምትፈልጊው ወይስ ስለ ጾሙ?» አሉኝ። ስለ ሁለቱም አልኋቸው። «እንግዲያው ፈልጊ» አሉ።

አገኘሁት ማለት አልደፍርም። አሁን የምወስደው ማኒቶል ያለበትን ነው፤ ወተቱ ወጥቷል፣ ጄላቲኑ አለ፣ ቀለም የለውም። ሆዴ ዐርፏል። ሐኪሟ በሌላ ፋብሪካ በተለወጠ ቁጥር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደሜን እንድመረመር አዝዛኛለች። ጥዋት ስውጠው ለቡና አንድ ሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያሰናክለዋልና። በጎረቤት ቡና መካከል «ቆይ፣ ገና አርባ ደቂቃ ይቀረኛል» የምል ሴት መሆን ሰለቸኝ። በሐኪሟ ፈቃድ ወደ ማታ አዛወርሁት፤ እራት ከበላሁ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ የእንጅባራ ብርድ ከተማውን ሁሉ ወደ ብርድ ልብሱ ሲያስገባ፣ በአንድ ብርጭቆ ውኃ።

ወጣቱ ፋርማሲስት ከየሳጥኑ የምትወጣውን ወረቀት አይጥልም። በመሳቢያው ውስጥ በስም በስም አስቀምጧቸዋል። ባለፈው ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ማግሥት ስሄድ አንዲት የገጠር ሴት ከፊቴ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል። የቀደመው ክኒን እንዳሳከካት በአውንጊ ነገረችው፤ እርሱም በአውንጊ መለሰላት፣ መሳቢያውን ሳበ፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመረ። ወረፋዬን ለመጠበቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁ።