ከደወል በኋላ

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰሜን ሸዋዋ ጫጫ ከተማ መግቢያ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ ከአንጎለላና ጠራ የገጠር ቀበሌዎች በእግር የሚመጡ ልጆችን ያገኛል። ቢበዛ 14 ወይም 15 ዓመት ቢሆናቸው ነው። በትከሻቸው የሳምንት ስንቅ ተሸክመዋል፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ አንዳንዱም ኩበት በጆንያ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቅርባቸው ስለሌለ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከተማ ቤት ተከራይተው ይማራሉ፤ ሦስትም አራትም ሆነው በአንዲት ጠባብ ክፍል። ልጅ ለልጅ ያበስላል፤ ልጅ ልጅን ያስታምማል። ስለ ተማሪ ደህንነት ሲነሳ ቶሎ የሚታየን አጥርና ዘበኛ ነው። የእነዚህ ልጆች አደጋ ያለው ግን ከአጥሩ ውጭ፣ ከመጨረሻው ደወል እስከ ማግስቱ የጠዋት ሰልፍ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው።

*

ስንቅ እሑድ ይመጣል፤ ሐሙስ ላይ ይሟጠጣል። ሐሙስና ዓርብ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚያንቀላፋውን ልጅ ብዙ መምህር «ሰነፍ» ይለዋል። «ምሳ በልተሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው።

*

አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት የመዋዕለ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ ቁርስና ምሳ ታበላለች። የዓለም የምግብ ፕሮግራምም ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ድርቅ በሚያጠቃቸው አካባቢዎች የትምህርት ቤት ምገባ ይደግፋል፤ እሱም ትኩረቱ አንደኛ ደረጃ ላይ ነው። ለትንንሾቹ ቅድሚያ መሰጠቱን አልቃወምም። የ3ኛ ክፍሉ ልጅ ግን ማታ እናቱ ጓዳ ይገባል። የእናቱን ጓዳ ትቶ የወጣው የ9ኛ ክፍሉ ነው፤ ምገባው የሚቆመውም እሱ ዘንድ ሲደርስ ነው።

*

«ወላጅ አምጣ» የሚለው ትእዛዝ የሚያዋጣው ወላጁ አጠገቡ ላለ ልጅ ነው። ተከራይቶ የሚማረው ልጅ አባት የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ይኖራል፤ ወቅቱ አጨዳ ከሆነ ሥራውን ትቶ አይመጣም። ልጁ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ ሰፈር ውስጥ አንዱን ጎልማሳ ለምኖ፣ ሲብስም ትንሽ ብር ከፍሎ፣ አጎቱ ነኝ እንዲልለት ይወስደዋል፤ ወይ ዳግመኛ አይመጣም። ስሙን በማልጠቅሰው ትምህርት ቤት አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ለሁለት ልጆች «አባት» ሆኖ ሲፈርም አይቻለሁ። ዩኒት ሊደሩም አውቆታል፤ ዝም አለ። ያ ፊርማ ትምህርት ቤቱ ልጁን አደራ ብሎ የሚሰጠው ሰው እንደሌለው የሚያረጋግጥ ሰነድ ነበር፤ ፋይል ውስጥ ገባ።

*

የጫጫን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የማያውቅ ሰው፣ ልጆች ለምን ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው እንደሚተኙ ላይገባው ይችላል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይገኛል። አንድ ጋቢ ለሦስት የሚለብሱ ልጆች ከሰሉን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ ንፋስ እንዳይገባም የበሩን ሥር በጨርቅ ይደፍናሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ያደነዝዛል፣ ከዚያ ይገድላል። ይህ ጋዝ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ሰሌዳው ላይ «ሲኦ» ተብሎ ይጻፋል፣ ለፈተና ይጠናል። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ «ማታ ከሰል የምታስገቡ እጃችሁን አውጡ» ቢል፣ ያ ክፍለ ጊዜ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል።

*

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ደንግጓል። ከጸደቀበት ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ትውልድ ተምሮ ራሱ መምህር ሆኗል። ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትሎ ያጠናው «ያንግ ላይቭስ» በ2001 ዓ.ም. ገደማ በኢትዮጵያ ካነጋገራቸው የ8 ዓመት ልጆች 38 በመቶዎቹ ባለፈው ሳምንት በመምህር መመታታቸውን ተናግረው ነበር። ስለ ዱላ ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ያስተምራል አያስተምርም በሚል ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሰኞ አርፍዶ በመምጣቱ የተገረፈ ልጅ፣ ማክሰኞ አከራዩ በሰከረ ቁጥር በሩን እንደሚደበድብ ለዚያው መምህር ይነግራል? አይነግርም። ዱላው መዳፉ ላይ ያረፈ ይመስለናል፤ የዘጋው አፉን ነው።

*

ጥር የሠርግ ወር ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና የሚያልቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ልጅቷ ለዕረፍት ብላ ወደ ገጠር ትሄዳለች፤ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ስሟ ይጠራል፣ «አቤት» የሚል የለም። ስም ጠሪው መምህር ቀሪ ብሎ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱ ሲደጋገም ስሟ ይሰረዛል። በዚያን ጊዜ የወንበር ጓደኞቿ ሁሉንም ያውቃሉ። ሽማግሌ የተላከው መቼ እንደነበር፣ ከጥምቀት በፊት ለምን እንዳለቀሰች ያውቃሉ። የጠየቃቸው ግን የለም።

ሕጉ አልጎደለም። የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፣ ልጅቷ 13 ዓመት ከሞላት እስከ 3 ዓመት፣ ካልሞላት ደግሞ እስከ 7 ዓመት ሊታሰር ይችላል። ይህ ቅጣት ግን የሚመጣው ከሠርጉ በኋላ ነው፤ ልጅቷም አባቷንና ባሏን አሳስራ ወደ የትኛው ቤት ትመለሳለች?

በዚሁ በአማራ ክልል፣ ሞሰቦ በምትባል የገጠር መንደር፣ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮግራም ሌላ መንገድ ሞክሯል። ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክርቢቶ ሰጠ፣ የሚያነጋግሯቸው ሴት አማካሪዎች መደበ፣ ማኅበረሰቡን አወያየ። ሳትዳር ፕሮግራሙን ለጨረሰች ልጅና ለቤተሰቧም በአደባባይ ፍየል በሽልማት ተሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ፕሮግራሙ ካልደረሳቸው አቻዎቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ትምህርት ላይ የመገኘት ዕድላቸው በሦስት እጥፍ በለጠ፤ የማግባት ዕድላቸው ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። አባትየውን ያሳመነው ፍየሉ ብቻ አይመስለኝም፤ ልጁን በማስተማሩ በሰው ፊት መከበሩም ነው። ሰሜን ሸዋ የበግ አገር ነው። እዚህስ ለምን አይሞከርም?

*

የአስተያየት ሳጥን ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ አለ። የተሰቀለው የርዕሰ መምህሩ ቢሮ በር ላይ፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው። የደረሰባትን ጽፋ እዚያ ልታስገባ የምትሄድ ልጅ፣ ገና ወረቀቱን ሳትጥል ወሬው ክፍሏ ይደርሳል። ሳጥኑን ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት መተላለፊያ ማዛወር የሚጠይቀው መዶሻና ሁለት ምስማር ነው።

*

በክልሉ ውጊያ ከተቀሰቀሰበት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ፣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ስንቅም ይዘጋል። ዓርብ ወደ ቤቱ ይመለስ የነበረ ልጅ ከተማ ላይ ይቀራል፤ ወላጆቹም በሕይወት መኖሩን የሚያውቁት በስልክ ነው፤ እሱም ኔትወርክ ካለ። ደብረ ብርሃን ቻይና ካምፕና ወይንሸት መጠለያ ያሉት ከወለጋ የተፈናቀሉ ልጆች ደግሞ ተመልሰው የሚሄዱበት ቤት እንኳ የላቸውም። ሸሽቶ የመጣን ልጅ «ትራንስክሪፕትህን አምጣ» ማለት ምን እንደሆነ መዝጋቢዎች ቢያስቡበት እላለሁ። ፈትኖ በሚመጥነው ክፍል ማስገባት ይቻላል።

*

እስካሁን ልጆቹን በዋናነት የሚጠብቋቸው፣ ማንም ያልቀጠራቸው ሴቶች ናቸው። አንዲት አከራይ ጫጫ ውስጥ «መብራቱ በጊዜ ከጠፋ እራት የለም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አንኳኳለሁ» አሉኝ። «እትዬ፣ በልተናል» ይሏቸዋል ልጆቹ፤ እሳቸው አያምኑም፣ ሽሮ ይዘው ይገባሉ። የልጆቹን ወላጆች ስልክ በቃላቸው ይዘዋል። ከትምህርት ቤቱ ግን አንድም ሰው ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ክፉ አከራይም አለ፤ የኪራይ ዕዳን ሰበብ አድርጎ ልጃገረድ የሚያስቸግር። ደጉን ከክፉው ለመለየት በር ማንኳኳት ያስፈልጋል።

ስለዚህ መስከረም ላይ ስም ጠሪው ሲመዘግብ ጥቂት አምዶች ይጨምር፦ ተማሪው የሚተኛበት ቤት፣ አብረውት የሚኖሩት ልጆች፣ የአከራዩ ስልክ፣ የቅርብ ዘመድ። ደብተሩን ርዕሰ መምህሩ ሳይሆን ተማሪዎቹ ራሳቸው የመረጧት አንዲት መምህርት ትያዘው፤ ለቤት ጉብኝቱም ከማስተማሪያ ክፍለ ጊዜዋ ይቀነስላት፤ ሌሎቹ መምህራን ይሸፍኑላት። ቀሪ የሆነ ልጅ በሁለተኛው ቀን በሩ ይንኳኳ።