«አባይ»ን ከሁለት ወገን የሰማሁበት ቀን

ከሰንሻይን ዌስት፣ ሜልበርን

ብዕሬን ያነሣሁት ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም ብዬ ነው። ስለ አንዲት ድምፃዊትና ከዘፈኖቿ ጀርባ ስላለው ቤት ልጽፍ ፈለግሁ። የእኛ ነገር ሆኖ ግን ዘፈኑም ዞሮ ዞሮ እዚያው ያደርሰናልና አንባቢ ይታገሠኝ።

ብዙዎቻችን ጂጂ የምንላት እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት። ቻግኒ ከእንጅባራ ወደ መተከል በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የአገው ምድር ከተማ ናት። ጂጂ ዜማን የተማረችው በቤታቸው ከነበሩ ካህን እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ያሻል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በማኅሌት የሚቆሙት ወንዶች ናቸው። ሴት ልጅ የቱንም ያህል ድምፅ ቢሰጣት ድርሻዋ እልልታው ነው። እንግዲህ ያን ዜማ በቤቷ እየሰማች ያደገች ልጅ የተማረችውን ይዛ ወዴት ትሂድ? ጂጂ መጀመሪያ ወደ ናይሮቢ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1998 ገደማ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ በወጣው አልበም ውስጥ «ካህን» የሚል ርእስ ያለው ዘፈን አለ። አልበሙን ያሳተመው ቦብ ማርሌይን ለዓለም ያደረሰው ክሪስ ብላክዌል ያቋቋመው ፓልም ፒክቸርስ ነው፤ ፕሮዲዩሰሩ ቢል ላስዌል ሲሆን ኸርቢ ሃንኮክን፣ ዌይን ሾርተርንና ፋሮዋ ሳንደርስን የመሳሰሉ የጃዝ አውራዎች ተሳትፈውበታል። እኔን የሚደንቀኝ የስማቸው ትልቅነት አይደለም። እነዚያ ሁሉ ሰዎች የተሰበሰቡት ቻግኒ ውስጥ በአንድ ቤት ሲሰማ የነበረን ዜማ ለማጀብ መሆኑ ነው።

ይህን ያሰብሁት ግን በቅርቡ ነው። አዲስ አበባ በጋዜጣ ሥራ ላይ ሳለሁ ለእኔ የጂጂ ዘፈን መሣሪያ ነበር። የካቲት 23 በመጣ ቁጥር «ዓድዋ»ን ለርእሰ አንቀጼ መንደርደሪያ አደርገው ነበር። በሰው ሕይወት ስለተገዛ ነፃነት የምታነሣውን እየጠቀስሁ፣ ወዲያው ወደ ኢሕአዴግ እዞርና ዱላዬን አነሣለሁ። ዱላው ተገቢ አልነበረም አልልም፤ ዛሬም ተገቢ ነበር እላለሁ። ነገር ግን ዘፈኑን የጻፈችው ማን ናት፣ ምን አይታ ነው የጻፈችው ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። ጋዜጠኛ ነኝ ለሚል ሰው ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

የ1997ቱ ምርጫ በደም ሲቋጭና ጋዜጦች ሲዘጉ እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ወደ ናይሮቢ ተሰደድሁ። በኢስሊ ለአራት በተከራየናት ክፍል ውስጥ አንድ የካሴት ማጫወቻ ነበረችን። «ናፈቀኝ» የተሰኘው ዘፈኗ ሲደርስ ከመካከላችን አንዱ ሁልጊዜ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ተራ የገባን ይመስል፣ አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ። እሷም በዚያችው ከተማ ስደተኛ ሆና መኖሯን አንዳችንም አላነሣነውም። በኋላም እዚህ አውስትራሊያ ከገባሁ ወዲህ «ጂጂ ለምን ዝም አለች? ለምን ከሕዝብ ትግል ጋር አትቆምም?» ብዬ የወቀስሁበትን ጽሑፍ አውጥቻለሁ። ታናናሾቼ በጣም ወደዱት። እንደ እሷው ድምፃዊት የነበረችው፣ በ«ቦሌ ቱ ሃርለም» አልበም የምናውቃት እኅቷ ትዕግሥት ሽባባው እ.ኤ.አ. በ2008 ማረፏን እያወቅሁ ነበር እንዲያ የጻፍሁት። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ሰልፍ ለምን አልወጣህም ብሎ የሚጠይቅ ማነው? እኔ ነበርሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ የቦንድ ሽያጭ ስብሰባ ሲጠራ እኛ ተቃዋሚዎች ከየአዳራሹ ደጃፍ አንጠፋም ነበር። እስክንድር ነጋና ርዕዮት ዓለሙ በእስር ቤት እያሉ ለአሳሪዎቻቸው ገንዘብ አይሰጥም ነው ነገሩ። በ2005 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ሜልበርን አንድ አዳራሽ ፊት ቆመናል። የዚህ አገር ብርድ ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም ዝናቡም እንደ አገር ቤቱ ነበር። ባንዲራ ይዘናል፣ ድምፅ ማጉያ ይዘናል፤ ለመቀስቀሻም የጂጂን «አባይ» ከፍተናል። በመካከል የእኛ ማጫወቻ ሲቋረጥ ዘፈኑ አልቆመም። ለካስ አዳራሹ ውስጥም ያንኑ ከፍተዋል! እነሱ ለቦንዱ፣ እኛ በቦንዱ ላይ። አንዳንዶቻችን ሳቅን፤ አንዱ «የእኛን ዘፈን ሰረቁ» አለ።

የማን ዘፈን? ዘፈኑ የወጣው ከመሠረት ድንጋዩ 10 ዓመት ቀድሞ ነው። ጂጂ በዚያ ዘፈን ወንዙን እንደ ሰው ታናግረዋለች፤ ቁንጅናውን ታወድሳለች፣ ደግሞም በግብፆች ከተማ ምን እንዳስቀመጠ ትጠይቀዋለች። ግድቡ ወዳለበት ጉባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በትውልድ ከተማዋ በቻግኒ በኩል ያልፋል። አንዱንም አላሰብነውም።

በዚህ መካከል ነጠላዋን የተከናነበች አንዲት ሴት ወደ በሩ ስታመራ አየሁ። አውቃታለሁ። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማንንም በማላውቅበት ጊዜ፣ እንጀራና ወጥ በፌስታል አንጠልጥላ ሰንሻይን ዌስት ያለችው ክፍሌ ድረስ ያመጣችልኝ እትዬ ናት። ድምፅ ማጉያው በእጄ ነበር። «ባንዳ!» አልሁ። ዞር ብላ አየችኝና ምንም ሳትናገር ገባች።

ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን ስንተያይ መንገድ እቀይር ነበር።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተገደሉ። ከመተከል የተፈናቀሉት በአሥር ሺዎች ሆነው ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው መጠለያ ሰፈሩ። ያን ሰሞን ከሰንሻይን ዌስት ለቅሶ ተጠራ፤ ሟቹ የእትዬ ወንድም ነው። እግሬ እየከበደኝ ሄድሁ። የቻግኒ ተወላጅ መሆኗን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ ያውም ከጎኔ ከተቀመጡ ለቀስተኞች።

ሰው ሲቀል ጠጋ ብዬ፣ «እትዬ፣ የዚያን ቀን ያልሁትን…» ብዬ ጀመርሁ። አላስጨረሰችኝም።

«ቦንዱን ለመንግሥት ብዬ አልገዛሁትም ወንድሜ። መኪናው ሁሉ በእኛ ደጅ አልፎ ነው ወደዚያ የሚሄደው። ወንድሜም መንገዱ ሥራ ያመጣል ብሎ ነበር መተከል የወረደው።» ቡናዬን ቀዳችልኝ። «እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ያን ቀን የአገሬን ልጅ ዘፈን አልሰማሁም። አንተ ባንዳ ስትለኝ ሽንት ቤት ገብቼ ሳለቅስ ዘፈኑ አለቀ።»

የምመልሰው አጣሁ። አገዛዙን በመቃወሜ አልተሳሳትሁም፤ እስክንድርም ርዕዮትም ያኔ እስር ላይ ነበሩ። የተሳሳትሁት በእሷ ላይ ነው። ሁለቱ እንዴት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው አፍ እንደሚሆኑ ዛሬም ለራሴ አጥርቼ ማስረዳት አልችልም።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ማታ ቤቷ ሄድሁ። ቴሌቪዥኑ ንግግር ያሰማል፤ እሷ ድምፁን ቀንሳ በስልኳ «አባይ»ን ከፈተችው። እስኪያልቅ ሁለታችንም አልተናገርንም። ከዚያ፣ «ሁልጊዜ ስለ መንግሥት ምን ትጽፋለህ? ስለ ልጅቱ ጻፍ፤ ስለ ካህኑ ጻፍ» አለችኝ።

ይኸው ጻፍሁ። ከመላኬ በፊት ረቂቁን አነበብሁላት። ባንዳ ያልኋትን እንዲወጣ አልጠየቀችም፤ የሰረዘችው አንድ ቃል ብቻ ነው። ቻግኒን «ትንሽ ከተማ» ብዬ ነበር።

«ትንሽ ያላት ማነው?» አለችኝ።