መጮኽ የከለከልነው ውሻ

ወደ ግቢያችን የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ርእሰ መምህሩን ሳይሆን ቡቺን ነው። ቡቺ አንድ ጆሮው የታጠፈ ቡናማ ውሻ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በሚያዝያ፣ የናይሮቢ ዝናብ ሲበረታ፣ በራችን ሥር ተጠልሎ ተገኘ። ሁላችንም «ምዜ» የምንላቸው ኬንያዊ የጥበቃ ሠራተኛችን ከምሳቸው ኡጋሊ ቆርሰው ሰጡት፤ በዚያው ቀረ። በዚህ ከተማ በየበሩ «ምብዋ ካሊ»፣ ኃይለኛ ውሻ አለ፣ የሚል ማስታወቂያ ይሰቀላል። እኛም ሰቀልን፤ ቡቺ ግን ከማስታወቂያው ሥር ተኝቶ ለገባው ሁሉ ጭራውን ይቆላ ነበር።

እኛ በአስተዳደር ክፍል የምንሠራ አራት ሰዎች ነን። ጽዳቱን፣ ጥበቃውን፣ ንብረት ክፍሉንና የተማሪዎች አውቶቡሱን እንመራለን። የአመራር ሥልጠና ወስደናል፤ የምስክር ወረቀታችንም ግድግዳ ላይ አለ። ለዘንድሮው መጽሔት ስለ ሥራችሁ ጻፉ ስንባል ግን ከሥልጠናው ይልቅ ያስተማረን ቡቺ እንደሆነ ተስማማን።

መጀመሪያ ያስተማረን ስለ ትእዛዝ ነው። ምዜ በስዋሂሊ «ንጆ» ይሉታል፤ ተማሪዎች «ና!» ይሉታል፤ እኛ ደግሞ «ካም ሂር» እንለዋለን። አንዳችን ከመማሪያ ክፍሎቹ በረንዳ እናባርረዋለን፤ ሌላችን እዚያው በረንዳ ላይ ዳቦ እንጥልለታለን። በመጨረሻ «ይህ ውሻ ሰው አይሰማም» አልን። ምዜ ሳቁብን። «እሱስ ይሰማል፤ ያልተስማማችሁት እናንተ ናችሁ» አሉን። ሁላችንም በስዋሂሊ ብቻ እንድንጠራው፣ በረንዳ ላይም ማንም እንዳያበላው ተስማማን። በሁለት ሳምንት ለመደ።

ያን ሰሞን አዲስ የተቀጠረችውን የንብረት ክፍል ሠራተኛ «ቀልጣፋ አይደለችም» እያልን እናማት ነበር። አንዳችን ጠዋት «መጻሕፍቱን ቁጠሪ» እንላታለን፤ ሌላችን «እሱን ተይና ወንበሮቹን አስጠግኚ» እንላታለን፤ ሦስተኛው መጥቶ «ይህን ማን አዘዘሽ?» ይላታል። ከቡቺ በኋላ ሥራ የሚሰጣት አንድ ሰው ብቻ ሆነ። ዛሬ በንብረት ክፍሉ የጠፋ መጽሐፍ ፈልጎ ማጣት የለም።

ሁለተኛው ትምህርት ግን ዋጋ አስከፍሎናል። ባለፈው ዓመት በፈተና ሰሞን ቡቺ ቀንም ሌሊትም መጮኽ አበዛ። ጎረቤት አማረረ፤ ፈታኞችም ተቆጡ። እኛ ምን አይቶ እንደሚጮኽ አልጠየቅንም፤ ምዜንም አላማከርንም። በጮኸ ቁጥር ጋዜጣ ጠቅልለን መታነው፤ ከቢሮው ጀርባም አሰርነው። በአሥር ቀን ውስጥ ዝም አለ። እኛም «ሠለጠነ» ብለን ተደሰትን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በአንድ ሌሊት የውኃ ፓምፓችን ተሰረቀ። ሌቦቹ የጀርባውን አጥር ቆርጠው፣ ቡቺ በታሰረበት አጠገብ አልፈው ነው የገቡት። ተረኛው ምዜ ነበሩ፤ በፊት በር በኩል ሆነው ምንም አልሰሙም። ጠዋት ስንደርስ በሰንሰለቱ ዙሪያ ያለው አፈር ሁሉ ተቧጥጦ ነበር። ቡቺ አይቷል፤ ታግሏል፤ ግን አልጮኸም።

ወላጆች እንደምታስታውሱት ልጆቻችሁ ያን ጊዜ ለሦስት ሳምንት ከቤት ውኃ በጠርሙስ ይዘው መጡ። ፓምፑ እንደተሰረቀ ነግረናችኋል፤ የእኛን ድርሻ ግን አልነገርናችሁም። ዛሬ እንነግራችኋለን።

በማግስቱ ተሰብስበን ለምዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘጋጀን። ደብዳቤው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነበርና ከሥራ ሊያስወጣቸው ይችል ነበር። ሊፈረም ሲል ግቢውን የሚያጸዱት እናት ሻይ ይዘው ገቡና ቆሙ። «አጥሩ የተቆረጠው ትናንት አይደለም። ካየሁት ሁለት ሳምንት ሆኖኛል» አሉ።

«እትዬ፣ ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። «ካቻምና ታንከሩ ያፈሳል ብዬ ብነግራችሁ፣ ሰው ፊት ‹አንቺ ሥራሽን ሥሪ› አላችሁኝ። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን አልናገርም» አሉን።

ነገሩን አስታወስነው። በዕድሜ እናታችን የሚሆኑትን ሴት «አንቺ» ብለን ነበር፤ ታንከሩም በእርግጥ ያፈስ ነበር። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ የእኛን አጥር ግን የቀደድነው እኛው ነን። ደብዳቤውን ቀደድነው። ምዜን ይቅርታ ጠየቅን፤ እትዬንም በተቆጣንባቸው ሰዎች ፊት ይቅርታ ጠየቅን። ለአዲሱ ፓምፕም አራታችን ከደመወዛችን አዋጣን።

ቡቺን መልሶ ማስጮኽ ቀላል አልነበረም። ምዜ መጀመሪያ ሰንሰለቱን ፈቱት። ማታ በለሆሳስ እንኳ ካጉረመረመ ተነሥተው ሄደው ያያሉ፤ ድመት ብትሆንም «ጎበዝ» ይሉታል፤ እዚያው ቁራሽ ያቀምሱታል። «ነገ ብሰጠው ለምን እንደሰጠሁት አያውቅም» ይላሉ። ድምፁ እስኪመለስ አራት ወር ያህል ፈጀ።

እኛም ዓርብ ዓርብ ከሠራተኞቹ ጋር ሻይ እየጠጣን «በዚህ ሳምንት ምን አያችሁ?» ማለት ጀመርን። ደንባችን ሦስት ነው፦ የተናገረውን ማመስገን፣ ሄዶ ማየት፣ መልሱን ይዞ መመለስ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ሻዩን ጠጥቶ ይወጣ ነበር። ከዚያ የአውቶቡሱ ረዳት የአደጋ ጊዜ በሩ እንደማይከፈት ነገረን፤ በማግስቱ አሠራነው። እትዬ የተናገሩት በሰባተኛው ሳምንት ነው፤ የመጸዳጃ ቤቱ አምፖል መቃጠሉን ብቻ ነበር የነገሩን። አምፖሉን ያኔውኑ ቀየርነው።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል አንልም። ዛሬም አንዳችን የተጠቀለለ ወረቀት ይዘን ካለፍን ቡቺ ጆሮውን ይጥላል። እትዬም ከመናገራቸው በፊት ፊታችንን ያያሉ።

ልጆች፣ ቡቺ በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፤ የመንገድ ውሻ ግን ስለማይታወቅ አትንኩ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

የክፍል አለቆች የሆናችሁ ደግሞ ደስ የማይል ወሬ ይዞ የመጣ ጓደኛችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት አመስግኑት። ወላጆችም፣ በአጥራችን ላይ ቀዳዳ ካያችሁ ንገሩን። ሄደን እናያለን፤ መልሱንም ይዘን እንመጣለን።